ሆዱ ያልተነፋ ልጅ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1955

መድኃኒቱ ዛሬ ደረሰ። ሚስቴ ልጃችንን አዝላ ከሄደች፣ ክረምቱ ገብቶ ከወጣ፣ የርብ ወንዝ መንገዱን ውጦ መልሶ ከተፋው በኋላ ማለት ነው። ሙላት ካርቶኑን ከጭነቱ ላይ አውርዶ አስታቀፈኝ። ሙላት በጎንደርና በባሕር ዳር መካከል የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ለእኔ ግን ፖስታ ቤትም፣ ጋዜጣም፣ ዘመድም ነው። ምንድን ነው እንዲኸ የሚንኳኳው አለኝ። የልጆች የወስፋት መድኃኒት ነው አልኩት። ለትል ብሎ ይኸን ያህል መንገድ መንዳቱን ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝና ሄደ።

ጠርሙሶቹን መደርደሪያው ላይ አሰለፍኳቸው። ሽሮፕ ነው። አንዱን ከፍቼ በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩ፤ ይጣፍጣል። ወረቀቱ የፍራፍሬ ጣዕም አለው ይላል፤ የየትኛው ፍራፍሬ እንደሆነ አይናገርም።

ሚስቴ አስካለ ስትሄድ ያለችውን እስከ ዛሬ እዚህ አልጻፍኩትም ነበር። ካልተጻፈ ያልተባለ ይመስለኝ ነበር። ሰኔ ላይ ነው። የልጃችን የገነት እጅና እግር ከስቶ ሆዷ ብቻ እንደ ከበሮ ተወጠረ። አንድ ጧት ስታስመልስ ከአፏ ወስፋት ወጣ። በዚያን ጊዜ ክሊኒኩ ውስጥ የነበረኝ ለንዳድ ክኒን፣ ለቁስል ቅባት፣ ለግድግዳው የግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ ነው። ለወስፋት ምንም። ማመልከቻ ጽፌያለሁ አልኳት። አስካለ ዕቃዋን አሰረች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ "ወረታ ውስጥ ሆዱ ያልተነፋ አንድ ልጅ አሳየኝ። ያን ቀን እመለሳለሁ" አለች።

መንገዱ ሳይዘጋ ጎንደር ገባች። እዚያ ሐኪም ቤት አሳከመቻት፤ የገነት ሆድ መጉደሉን ሙላት ነገረኝ። ያልተመለሰችው እንግዲህ ስለ ገነት ሆድ ሳይሆን ስለ ወረታ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ማየት ትቻለሁ፤ የማየው የልጆች ሆድ ነው። በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በከብት መንገድ። ባለፈው ወር አንድ ጠፍጣፋ ሆድ አይቼ እስከ መንገድ መገንጠያው ድረስ ተከተልኩ። ከደብረ ታቦር ለእንግድነት የመጣ ልጅ ሆኖ ተገኘ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 2

የመጀመሪያዋ መጣች። ይታይሽ ትባላለች፤ ከከተማው ወጣ ካለው መንደር ናት። ባሏ ውሃው በሸሸበት መሬት ላይ ጓያ ሊዘራ ወርዷል። ልጇን ደሴን ይዛ፣ አማቷን እመት ስንዱን አስከትላ ገባች። ወይም እመት ስንዱ እሷን አስከትለው ገቡ፤ አገባባቸውን አይቼ ማን ማንን እንዳመጣ መለየት አልቻልኩም።

ደሴ አራት ዓመቱ ነው። ቀጫጭን እግሮች፣ የሳሳ ፀጉር፣ መካከል ላይ ሆድ። ሆዱ ልጁን ይዞት የመጣ ይመስላል። አፈር ይበላል አለች እናቱ፤ ተኝቶ ጥርሱን ያፋጫል። ዳሰስኩት። እጄ ሌላ ሆድ አስታወሰ፤ ቶሎ አነሳሁት።

እመት ስንዱ ተቃውሞ ነበራቸው። ወስፋት የሌለው ሰው የለም፤ ሰው የሚርበው እሱ ሲጮህ ነው፤ እሱ ተጠርጎ ከወጣ ልጁ በምን ይርበዋል? ካልራበው አይበላም፤ ካልበላ ይሞታል። ጥቂት ይቀነስለት እንጂ ባዶውን እንዳላስቀረው አሳሰቡኝ። እኔም የተማርኩትን ነገርኳቸው፤ ራብ የሆድ የራሱ እንደሆነ፣ ትሉ የልጁን እህል የሚሻማ እንግዳ እንደሆነ። ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው በሚሰጥ ትዕግሥት አዳመጡኝ።

"ይኸ የተጻፈ ነው?" አሉ።

ተጽፏል አልኩ።

"የጻፈው ሰውዬ ወስፋት ነበረበት?"

አላውቅም አልኩ። "እንግዲያ ምን ያውቃል" ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ደሴ ግን ከእኔ ወገን ሆነ። ማንኪያውን ልሶ ድገመኝ አለ። ይኼኔ እመት ስንዱ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ፊታቸው ጠቆረ። በሕይወታቸው ብዙ መድኃኒት ጠጥተዋል፤ ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ ዐይን የሚያስለቅስ። እንዲህ ያለ አላጋጠማቸውም። ማር ነው ወይ የምታልሰው አሉኝ። መድኃኒት ነው አልኩ። ነገም ለሁለተኛው ማንኪያ አምጡት አልኩ። ስለ እጅ መታጠብ ተናገርኩ። መጸዳጃ ጉድጓድ ስለ መቆፈርም ተናገርኩ። እመት ስንዱ በመስኮቱ ወደ ውጭ አመለከቱኝ፤ ሜዳው እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ይኸ ሁሉ አገር እያለ ሰው በአንድ ጉድጓድ ላይ ይሰለፍ አሉ።

የፎገራን ሜዳ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላውቅም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3

ወጣ። ብዙ ወጣ። ይታይሽ ገና ገበያው ሳይሞላ በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ አመጣችልኝ። ሰው ለሐኪሙ ሙክት ያመጣል፤ እኔ የመጣልኝ ይኸ ነው፤ ሙክት ቢሆን እንዲህ ደስ አይለኝም ነበር። ቅጠሉን ገልጣ ስታሳየኝ ከፊቷ ላይ ኩራት ይነበባል፤ የመጀመሪያ ጥርሱን የምታሳየኝ ይመስል።

ደሴን አስቆምኩት። ሸሚዙን ገለጥኩ። ሆዱ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ግን ጎድሏል። ትናንት የተወጠረው ቆዳ ዛሬ እምብርቱ ዙሪያ ላላ ብሏል። ሁለተኛውን ማንኪያ ሰጠሁት። ልሶ ጨርሶ ማንኪያውን አልመልስም አለ።

ከበሩ ውጭ ያሉ ሴቶች ቅጠሉን ተቀባብለው አዩት። ሰኞ ልጆቻቸውን ሊያመጡ ተስማሙ። እመት ስንዱ ብቻ ቅጠሉን ትክ ብለው አይተው ዝም አሉ። ዝምታቸውን ሽንፈት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ሙላት ከባሕር ዳር ሲመለስ አገኘሁት። ጭነቱን እስኪያስተካክል ድረስ አላስቻለኝም፤ ለአስካለ ንገርልኝ፣ አንድ ሆድ ጎድሏል በልልኝ፣ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም በቅርቡ አሳያታለሁ በልልኝ አልኩት።

"ስንት የፍቅር መልእክት አድርሻለሁ" አለ ሙላት፤ "እንዲኸ ያለ ይዤ አላውቅም።"

ሐሙስ ይመለሳል።

ቤቱ ዛሬ ሰፋብኝ። ወይም እኔ አነስኩ። መስከረም ላይ ግድግዳው ሲለቀለቅ ከጉልበቴ በታች ያለችውን አንዲት ቦታ እንዲተዉት አድርጌ ነበር፤ ገነት በከሰል የጫረችው መስመር አለበት። ፈረስ ነው ብላኝ ነበር። ልቅለቃውን የሠራችው ሴትዮ ግድግዳው ለምጽ የያዘው ይመስላል ብላ ታዘበችኝ። ይምሰል። ዛሬ ቁጢጥ ብዬ ሳየው ቆየሁ። እውነት ለመናገር ፈረስ አይመስልም።


እሑድ፣ ጥቅምት 4

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደሴን ላየው ወደ መንደራቸው ሄድኩ። መንገዱ ገና ጭቃ ነው። ላሞቹ እስከ ሆዳቸው ሣር ውስጥ ገብተው ነበር።

የእነ ይታይሽ በር ተዘግቷል። ጎረቤቲቱ ከአጥሯ ብቅ ብላ ዛሬ ኮሶ ነው፣ አይገባም አለችኝ። እመት ስንዱ ኮሶ የሚጠጡበት ጊዜ ደርሶ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ። ኮሶ የተጠጣበትን ቤት ማን ያንኳኳል? ሰው በዚያ ቀን በሩን ዘግቶ፣ ከሆዱ ጋር ብቻውን ነው። አለቃም ቢመጣ ይመለሳል፤ ጭቃ ሹምም ቢመጣ ይመለሳል። ይህን ወግ ጎንደርም እናከብራለን፤ እኔ ደግሞ ከማንም በላይ።

ጎንደር አዲስ ተጋብተን ሳለን እኔና አስካለ በአንድ ቀን ነበር ኮሶ የምንጠጣው። አንዱ ሲያቅለሸልሸው ሌላው ይስቅበታል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ሰው በሩን ሲመታ አስካለ ከውስጥ ሆና በደከመ ድምፅ ኮሶ ጠጥተናል ትላለች። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። ቀኑ ሙሉ የእኛ ነው። በኋላ በኋላማ ኮሶውን ሳንጠጣ እንዲሁ እንል ጀመር። ዘመዶቿ እነዚህ ልጆች ምን ዓይነት ኮሶ ነው የያዛቸው ብለው እስኪጨነቁ ድረስ።

ከእነ ይታይሽ ደጅ ስመለስ ይህን እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ መሰለኝ፤ አንድ ገበሬ በመንገድ አይቶኝ አማተበ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 5፣ አቦ

ኮሶው ለልጁ ነበር።

ጧት በሩን ስከፍት ይታይሽ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ደሴ እቅፏ ውስጥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ዐይኑ ጎድጉዷል። ከንፈሩ ደርቋል። ትናንት ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ዋለ።

"ኮሶው ለሱ ነው የተወቀጠ፣ ሐኪም" አለች፤ ወደ መሬት እያየች። "አማቴ ናቸው። ጣፋጩ ያወጣው ጣፋጭ የሚወደውን ነው፤ ዋናው ውስጥ ተደብቋል አሉ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።"

ኮሶ ትልቁን ሰው እንኳ አንጋልሎ የሚጥል ነው፤ ለሕፃን አይሰጥም። ይህን እመት ስንዱም ያውቃሉ። ግን የተጠራጠሩት መድኃኒቴን እንጂ ራሳቸውን አይደለም። ትናንት ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ልጁ ከበሩ ወዲያ ነበር። ጨዋ ሰው ስለሆንኩ ተመለስኩ።

ውሃ አፈላሁ፤ ስኳርና ቁንጣሪ ጨው ጨመርኩበት፤ በማንኪያ። ሲያስመልሰው ጥቂት ጠብቄ እንደገና በማንኪያ። የተማርኩት ሌላም ብዙ ነገር ነበር፤ ለዚያ የሚሆነው ዕቃ ግን ያለው ጎንደር ነው። ጎንደር እንውሰደው አልኩ። የሚጭን መኪና የለም፤ በበቅሎ ደግሞ በዚህ ሁኔታው መንገዱን አይችልም። ስለዚህ ማንኪያ። ይታይሽ ትደግፈዋለች፣ እኔ አቀርባለሁ።

ሰኞ ሊመጡ የተስማሙት እናቶች መጡ። በሩ ላይ ቆመው አዩ። አንዳቸውም አልገቡም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ሽንቱ መጣ። በእናቱ ልብስ ላይ ነው የመጣው። ሁለታችንም እንደ ሽልማት አየነው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

አላስመለሰውም። አላስቀመጠውም። ውሃውን ይውጣል። ግን እህል እምቢ አለ። ወተት አቀረብንለት፣ ፊቱን አዞረ። አጥሚት አቀረብንለት፣ ከንፈሩን ገጠመ። ተኝቶ ጣራውን ያያል።

ወሬው ከልጁ ፈጥኖ ዳነና በእግሩ መሄድ ጀመረ። ሐኪሙ የይታይሽን ልጅ ወስፋት ጠርጎ አወጣበት፤ ልጁ ራብ የሚባል ነገር አጣ፤ አሁን ሳይበላ ሊሞት ነው። ስለ ኮሶው ማንም አያነሳም፤ የተዘጋው በር እንደተዘጋ ነው። በመንገዱ ያለፈ አንድ ሰውዬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ራብ የሚያጠፋውን መድኃኒት ለእሱም እንድሰጠው፣ እህሉ እስከ ሰኔ እንደሚደርስለት ነገረኝ። ደጁ ላይ የነበሩት ሳቁ። እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ልናገር ብዬ ተነስቼ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ኮሶ ተግቶ ነው የሚል። ይታይሽ ነጠላዬን ያዘች። አማቷ በስተርጅና በገበያ መሳቂያ እንዳይሆኑ ለመነችኝ፤ ይህን ልጅ እኮ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው ያሳደጉት አለች። እመት ስንዱ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል። ከትናንት ጀምሮ እዚያ ናቸው። አልገቡም፣ አልሄዱም። ጽጌን ስለሚጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም፤ ከዚያም በኋላ የቀመሱ አይመስለኝም። ጥርሳቸውን ነክሰው ሜዳውን ያያሉ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ደግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። እዚያ ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ሰው ላይ ድንጋይ ለመጨመር ክንድ አጣሁ።

የጭነት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። ምናልባት አስካለ ለመልእክቴ ሐሙስን አልጠበቀች፤ ምናልባት ገነትን ይዛ በሌላ መኪና ተሳፍራለች፤ ምናልባት አሁን መገንጠያው ላይ ትወርዳለች። ወርዳ የምታየው ምንድን ነው? አሳይሻለሁ ያልኳት ልጅ ጣራ እያየ። የምመኘውም የምፈራውም አንድ መኪና ሆነ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ደህና ወሬ ነው፤ ግን ከጧቱ ልጀምር።

ጧቱ እንደ ትናንቱ ነበር። ደሴ ዐይኑ ጠርቷል፣ ምላሱ ርሷል፣ ግን እህል ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በልቤ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። የጻፈው ሰውዬ ወስፋት ነበረበት?

እኩለ ቀን ላይ እመት ስንዱን ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ፀሐይ ስለከረረ ነው አልኳቸው። ልጁ ከተኛበት አልጋ እግርጌ መሬት ላይ ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይታይሽ የተቋጠረውን ፈታችላቸው፤ የደረቀ እንጀራ በሽሮ። አማተቡ። አልቆረሱም። ይታይሽ እየለመነቻቸው ሳለ ከአልጋው ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ለእኔስ?"

ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። አንድ ሰው ቢተነፍስ ድምፁ የሚበርር ይመስል።

"ምን አልክ?" አሉ እመት ስንዱ።

"ሽሮ።"

አጎረሱት። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አልኳቸው፤ አልሰሙኝም። ልጁ ነው በራሱ ጊዜ በቃኝ ያለው፤ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ አልበቃኝም አለ። የእመት ስንዱን የጾም ምግብ እሱ ነው የጨረሰው። እሳቸው በባዶ ሆዳቸው ተነሱ፤ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ግድግዳውን ተደግፈው በሩ ላይ ወጡ።

ደጁ ላይ ሴቶች ነበሩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የልጁን ራብ ሊጠብቁ የሚመላለሱት።

"ስሙኝ" አሉ እመት ስንዱ። "ልጁን ጥሎት የነበረ የኔ ኮሶ ነው። እኔ ወቅጬ እኔ ያጠጣሁት። የሐኪሙ ነገር አይደለም። ይኸው ራበው፤ የኔን እራት በላ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ይቅርታ የሚሉኝ መስሎኝ አትጨነቁ ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር።

"አንተም ጥፋት አለብህ" አሉኝ። "መድኃኒት ብለህ እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ትሰጠኛለህ? መራራ ቢሆን ኖሮ አምንህ ነበር።"

በተማርኩበት ቤት ይህ ጥያቄ ተነስቶ አያውቅም። በፈተናም አልመጣም። እውነትዎን ነው አልኳቸው፤ እውነታቸውን ነውና።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ሰልፍ። ክሊኒኩ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰልፍ አላየም። ሆዶች በየቁመታቸው።

መራራውን የግራዋ ቅጠል ቀጠቀጥኩ። የማንኪያውን ጀርባ በግራዋ ውሃ እያስነካሁ ሽሮፑን አቀርባለሁ፤ ልጁ መጀመሪያ ፊቱን ያጨማድዳል፣ እናትየው እፎይ ትላለች፣ ከዚያ ልጁ ይልሳል። ይህን ያዘዘኝ የሕክምና መጽሐፍ አይደለም፤ እመት ስንዱ ናቸው። በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጠው እያንዳንዷን እናት ኮሶ እንዳትሰጪ፣ የሰጠሽ እንደሆነ እኔ ነኝ የማገኝሽ እያሉ ያሳልፋሉ። ስለ ጉድጓዱም ነገሬን እደግማለሁ። እስካሁን የፈቀደ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የይታይሽ ባል፣ እሱም ከጓያው መልስ። እመት ስንዱ ግን ጉድጓዱን ሽማግሌ ለሆነ ሰው ብቻ እፈቅዳለሁ ብለዋል፤ እየተሻሻልን ነው።

ለእናቶቹ አንድ ነገር ግን አልደበቅኩም። ትሉ ይመለሳል። ጭቃው ውስጥ ነው፣ ያልታጠበ እጅ ላይ ነው። ዛሬ የጎደለው ሆድ በክረምት ሊነፋ ይችላል፤ ያን ጊዜ እንደገና አምጡት። ይታይሽ እሱማ አረምም ይመለሳል፣ እናርመዋለን አለች።

ጠርሙሶቹ አለቁ። ከሰልፉ ጅራት ያሉት ሳይደርሳቸው ተመለሱ።

ደሴ ደጁ ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር ይሯሯጥ ነበር። ሸሚዙ ከእምብርቱ በላይ ቀርቷል። ቆሜ አየሁት። አስካለ ብታየው ትስማማለች። ባትስማማም ትከራከረኛለች፤ እሱም ናፍቆኛል።

ወደ ማታ ገደማ ሙላት ደረሰ። ከመኪናው አልወረደም፤ ጭነቱ ለባሕር ዳር ነው፤ ነገ ጧት ወደ ጎንደር ይመለሳል። ብቻውን ነበር። ከአጠገቡ ያለውን ወንበር ሁለት ጊዜ አየሁት።

ነገርኳት አለ። ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የገነት ሆድ እንደገና መነፋቱን ነገረችው። በአስካለ እናት ቤት፣ ጎንደር ላይ፣ በቧንቧ ውሃ። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ነው። ለእሱ ንገረው አለችው።

"አለቀሰች?" አልኩት።

"ብታለቅስ ይሻል ነበር።"

ሌላስ ምን አለች አልኩ። ሌላ ምንም አላለችም። መድኃኒት ላክ ብላለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አላለችም አለ። መድኃኒቱ ጎንደር ሞልቷል። ሐኪም ቤቱ ከእናቷ ቤት የሚርቅ አይደለም፤ መንገዱን ታውቀዋለች፤ አንድ ጊዜ ሄዳበታለች። ታዲያ ለምን ነገረችኝ?


ዓርብ፣ ጥቅምት 9

መገንጠያው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። የሙላት መኪና ጤዛው ሳይረግፍ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ ጤዛው ረግፏል።

በክሊኒኩ በር ላይ መድኃኒት ሊያመጣ ጎንደር ሄዷል ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ውሸት አይደለም፤ ተጨማሪ ካርቶን ሳልይዝ አልመለስም፤ የሰልፉ ጅራት ይጠብቀኛል። እመት ስንዱ ማንበብ ስለማይችሉ በቃል ነገርኳቸው። አይተው ልቤን አወቁና፣ "ሚስትህን ልታመጣ ነው" አሉኝ። መድኃኒት ነው አልኩ። "እንግዲያ ፊትህን ለምን ተላጨህ?" አሉ። ደሴ ተከትሎኝ እስከ መንገዱ መጣ፤ ከኪሴ ሽሮፕ የሚያገኝ መስሎት።

ገነት ታውቀኝ ይሆን? በሷ ዕድሜ አንድ ክረምት ረጅም ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ስንት አዲስ ቃል አውቃ ይሆናል፤ አንዱም እኔ ያስተማርኳት አይደለም። ባታውቀኝ አልቆጣም። እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ ቁጢጥ ብዬ ስሟን እጠይቃታለሁ።

ለአስካለ የምላትን ሌሊቱን አስቤበታለሁ። አንድ ልጅ አለ እላታለሁ፤ ስሙ ደሴ ነው፣ ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሽሮ ይወዳል። እስከ መቼ ካለችኝ፣ እስከሚቀጥለው ክረምት ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና ማንኪያ ነው እላታለሁ። ወረታ ንጹሕ ሆነ አልላትም። ጎንደርም እንዳልሆነ አሁን ታውቃለች፤ ይህን ግን እኔ አላነሳም። አላነሳም ብዬ እዚህ እጽፋለሁ፤ አፌን አውቀዋለሁና።

መኪናው መጣ፤ የቀረውን ተሳፍሬ ነው የምጽፈው። ሙላት በጫነው የሽንብራ ጆንያ ምክንያት አረፈድኩ አለ። ወደ ላይ ከመውጣቴ በፊት ለመመለሻው ከፊት ያለውን ወንበር በሙሉ እንዲይዝልኝ ለመንኩት።

"ለሰው ነው ለካርቶን?" አለኝ።

አላወቅሁም አልኩት።